የዶሮቲ ጫማ ምን ዓይነት ቀይ ነበር?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሁድ ማታ ከእህቴ ጋር «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ»ን ታድሶ በወጣው ጥራት አይተን ጨረስን። እሷ ሳህን ልታጥብ ተነሳች፤ እኔ ስልኬን አነሳሁ። የጻፍኩት ነገር አጭር ነው። ይህን የ1939 ፊልም ልጅ ሆኜ በካሴት ሳየው የባለታሪኳ የዶሮቲ ጫማ ጠቆር ያለ ቀይ ነበር፤ የደረቀ በርበሬ ዓይነት። አሁን ግን እንደ ትራፊክ መብራት ቦግ ይላል። የጠንቋይዋም አረንጓዴ ፊት ትናንት ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር መስሏል። ስለዚህ አዳሾቹ ለዘመኑ ዓይን ሲሉ ፊልሙን አበላሽተውታል አልኩ። ትክክለኛው ቀለም የቱ ነው ብዬም ጠየቅሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው የሚስማማ መስሎኝ ነበር። በሦስት ቀን 34 መልስ መጣ፤ አብዛኛው እኔን ለማረም። እንዳለ ከምገለብጠው በራሴ አፍ ብተርከው ይሻላል። አንዳንዱ ለመገልበጥም የሚመች አይደለም።

መልስ 1 ከእኔ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማ። የድሮ ፊልም ሁሉ የከረሜላ ወረቀት ሆኗል ባይ ነው። ብዙ ላይክ አገኘ፤ ሌላ ምንም አላለም።

መልስ 2 በይቅርታ ጀመረ። የካሴት ትዝታ ምስክር እንደማይሆን በትህትና ነገረኝ። የቪኤችኤስ ካሴት ቀይን በቅጡ መያዝ አይችልም፤ ከጠርዙ ይፈስበታል። ቤታችን የነበረው ካሴት ደግሞ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ መሆኑ አይቀርም። ቴሌቪዥኑም የራሱን ይጨምርበታል። በልጅነቴ ያየሁት ቀይ የፊልሙ ሳይሆን የነዚህ ሁሉ ድምር ነው ማለት ነው። ትንሽ ከፋኝ። መልስ ግን አጣሁለት።

መልስ 3 ፊልሙ የተቀረፀበት የቀለም ዘዴ፣ ቴክኒከለር፣ ራሱ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እንኳንም ጠየቀች፤ እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር።

መልስ 4 የክሩ አውራ ሆነ። ሰውየው ቪዲዮ በማቀናበር፣ በተለይ ቀለም በማስተካከል የሚተዳደር ነው። እንደ እሱ ማብራሪያ፣ ከ1932 ጀምሮ የሠራው ባለ ሦስት ፊልም የቴክኒከለር ካሜራ ቀለም የሚባል ነገር አይቀዳም። ብርሃኑ በሌንሱ ገብቶ ፕሪዝም ላይ ይከፈላል፤ ከዚያ ሦስት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ ያርፋል። አንዱ የቀዩን፣ አንዱ የአረንጓዴውን፣ አንዱ የሰማያዊውን ብርሃን መጠን ይመዘግባል። ላቦራቶሪ ውስጥ ከእያንዳንዳቸው የጄላቲን ማኅተም ይወጣል። ማኅተሙ ማቅለሚያ ውስጥ ይነከራል፤ የቀዩ በሲያን (ሰማያዊ አረንጓዴ)፣ የአረንጓዴው በማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ)፣ የሰማያዊው በቢጫ። በመጨረሻ ሦስቱ ተራ በተራ አንድ ፊልም ላይ ይታተማሉ። ቲሸርት ሲታተም ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንዱን ቀለም አሳርፎ ሌላውን በልኩ ማስከተል ነው።

ቁም ነገሩ ከዚህ ይመጣል። ኔጌቲቩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ የተቀረፀው ፊልም፣ ቀለም የለውም። እዚህ ቦታ ይህን ያህል ቀይ ብርሃን ነበረ ይላል እንጂ ምን ዓይነት ቀይ እንደሆነ አይናገርም። ቀለሙ የመጣው ከላቦራቶሪው ገንዳ ነው። ስለዚህ ኦሪጅናል ኔጌቲቩን ስካን አደረግን ማለት ኦሪጅናል ቀለሙን አገኘን ማለት አይደለም። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥያቄዬ ራሱ የተንሻፈፈ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ክሩ ላይ ግን አላመንኩም።

መልስ 5 አመሰገነ። መልስ 6 ፊልሙን በነፃ የሚያወርድበት ሊንክ ጠየቀ፤ የሰማው የለም።

መልስ 7 ቀላል መፍትሔ ይዞ መጣ። የዘመኑን የሲኒማ ቅጂ ፈልጎ ማየት ነው። የቴክኒከለር ማቅለሚያ እንደ ሌላው ቶሎ አይደበዝዝም። በደንብ የተቀመጠ ቅጂ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ቀለሙን እንደያዘ ይገኛል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ የሚል ድምፅ ነበረው።

መልስ 8 የትኛውን ቅጂ ሲል አፋጠጠው። ዛሬ የታተመና በሌላ ሳምንት የታተመ ቅጂ፣ ከአንድ ፊልም እንኳ ቢሆኑ፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት አይወጡም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ከቀለሙ ሥር ሳሳ ያለ ጥቁርና ነጭ ምስል አብሮ ይታተም ነበር፤ ጥላውን ለማጥቆር። በአርባዎቹ ውስጥ ይህ ቀረ። ይኸው ፊልም በ1949 እና በ1955 እንደገና ለሲኒማ ወጥቷል። የመጀመሪያውንና የኋለኛውን ቅጂ ጎን ለጎን ብታስቀምጥ አይገጥሙም ማለት ነው። መብራቱንም ያነሳው እሱው ነው። የዚያን ጊዜ ፕሮጀክተር የሚያበራው በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል የሚነድ የኤሌክትሪክ ነበልባል ነው። ቅጂዎቹ የተመጠኑት ለዚያ ብርሃን ነው። በዛሬ ዜኖን አምፖል ካሳየሃቸው ያው ቅጂ ሌላ መልክ ያመጣል። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ እኔን ሁሉ ገላመጠኝ። ነገሩ ግን ትክክል ነው።

መልስ 9 ላይ አንድ አባት ገቡ። በወጣትነታቸው ፒያሳ አካባቢ ሲኒማ ቤት ፊልም ያሳዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። ካርቦኖቹ እየነደዱ ሲያጥሩ መሀላቸው ይሰፋል፤ እሳቸው በእጃቸው እያዞሩ ያቀራርቧቸዋል። ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ትንሽ ከዘገዩ ሸራው ይጨልማል፣ ቀለሙም ይለወጣል፣ ከታች ፉጨቱ ይቀልጣል። አንዳንዴ ካርቦን ለመቆጠብ ሲባል ብርሃኑን ዝቅ አድርገው እንዲያሳዩ ይታዘዙ እንደነበርም አጫወቱን። ታዲያ እሳቸው የቀለም ትክክለኛነት ሲባል ይስቃሉ። የቀኑና የማታው ትርኢት እንኳ አንድ ቀለም አልነበረውም። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

መልስ 10 ከጋሼ ተነስቶ ወደ ህንድ ፊልም ወሰደን። አዲስ አበባ ውስጥ «መዘር ኢንዲያ»ን ሲያይ ሸራው በሙሉ ሮዝ ነበር። ሰማዩ ሮዝ፣ በሬው ሮዝ፣ የእናትየዋ ነጠላ ሮዝ። ለረጅም ጊዜ የህንድ አፈር እንደዚያ ይመስለው ነበር።

መልስ 11 ነጠላ ሳይሆን ሳሪ ነው ብላ ጀመረች። ከዚያ ከበድ ያለውን አመጣች። ያ የ1957 ፊልም የተቀረፀው ጌቫከለር በሚባል የቀለም ፊልም ሲሆን የሲኒማ ቅጂዎቹን ያተመው ቴክኒከለር ነው። የእውነት የቴክኒከለር ቅጂ ደግሞ ሮዝ አይሆንም። ስለዚህ እሱ ያየው ምናልባት በኋላ ኢስትማንከለር በሚባል የቀለም ፊልም የታተመ ሌላ ቅጂ ነው። ከሃምሳዎቹ እስከ ሰባዎቹ በዚያ ፊልም የታተመ ቅጂ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ሲያኑ ነው። የሚቀረው ቀይና ሮዝ ይሆናል። መልስ 12 ጋሼ ነበሩ፤ እሳቸው ጋ የሚደርሰው ሪል ብዙ አገር ዞሮ፣ ተጫጭሮ፣ ተቆራርጦ እንደነበር አረጋገጡላት። ሰውየው ግን ሮዙን እንደሚመርጥ ጽፎ ሄደ። ከልቡ ይመስለኛል።

መልስ 13 ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። ልጆቿን ይዛ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ሄዳ ጫማውን በዓይኗ አይታለች። በመስታወት ውስጥ ያለው ጫማ ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ቀይ ነው። እንግዲህ አዳሾቹ ለምን ሄደው አይለኩም አለች። ለእኔ በርበሬ ድጋፍ ስለሆነ ወዲያው የልብ ምልክት አስቀመጥኩላት።

መልስ 14 ልቤን አወረደው። ጫማው ላይ የተሰፋው የሚያብለጨልጭ ጌጥ የጠቆረው ሆን ተብሎ ነው። ያኔ የነበረው ደማቅ ቀይ በቴክኒከለር ሲቀረፅ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ቀይ እንዲመጣ ጫማውን አጠቆሩት። የዶሮቲ ቀሚስ ላይ ነጭ የሚመስለንም በእጅ ሲያዝ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ንጹህ ነጭ ለካሜራው አስቸጋሪ ነበርና። መቅረጫው ቦታ ላይ ምንም ነገር በራሱ ቀለም አልነበረም። ሲቀጥልም ጫማ ለመለካት ሙዚየም የሚሄድን ሰው፣ ወጡ ጨው መብቃቱን ለማወቅ ጥሬ ሽንኩርት ከሚነክስ ሰው ጋር አመሳሰለው። አባባሉ አሳቀኝ፤ ሴትዮዋን ግን አላሳቃትም። በመልስ 15 ያየችውን እንጂ ፍርድ እንዳልጻፈች ገለጸች። እውነቷን ነው። ትህትና ቢጨመርበት የሰውየው ነገር አይቀንስም ነበር።

ከመልስ 16 እስከ 20 ክሩ ከእጄ ወጣ። ከነዚሁ ጫማዎች ሌላ አንድ ጥንድ በ2005 ሚኒሶታ ውስጥ ከአንድ ሙዚየም መሰረቁን አንዱ አነሳ። ኤፍቢአይ በ2018 አገኘው። ለምርመራ ስሚዝሶኒያን ሲመጣ ጉድ ታየ፤ የሁለቱ ጥንዶች ግራና ቀኝ ድሮውኑ ተቀያይረዋል። ያ የተሰረቀው በታኅሣሥ 2024 በ28 ሚሊዮን ዶላር ተጫረተ፤ የጨረታ ቤቱ ክፍያ ሳይጨመር። በቃ፣ ሁሉም ወደ ብር ማባዛት ገባ። አንዱ በዚያ ገንዘብ ቦሌ ላይ ስንት ፎቅ እንደሚቆም አሰላ። አወያዩ መጥቶ ወደ ቀለሙ ተመለሱ አለ።

መልስ 21 መለሰን፤ በጥሩ ነገር። የዶሮቲ አገር ካንሳስ የሚታይበት የፊልሙ መጀመሪያ በ1939 ጥቁርና ነጭ ሳይሆን ቡናማ ነበር፤ ሴፒያ የሚባለው። ከ1949 ጀምሮ ግን ተራ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታይ ጀመር፤ ለአርባ ዓመት ያህል። ቡናማው የተመለሰው ለሃምሳኛ ዓመቱ፣ በ1989 ነው። በመሀል ያደገ ትውልድ ቡናማውን ሲያይ አጭበረበሩን አለ። ዋናው እሱ ነበር እኮ! የእኔን ካሴት ያስታውሳል፤ ስም ግን አልጠራም።

ዶሮቲ በሩን ከፍታ ወደ ቀለሙ ዓለም የምትወጣበትን ቦታም አስረዳን። እኔ የላቦራቶሪ ተንኮል ይመስለኝ ነበር። የቤቱን ግድግዳ ቡናማ ቀብተው፣ ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ሌላ ሴት በሩን ትከፍታለች። ካሜራው በሩን ሲያልፍ እሷ ዞር ትላለች፤ ዶሮቲን የምትጫወተው ጁዲ ጋርላንድ በሰማያዊ ቀሚሷ ትገባለች። ሙሉው የተቀረፀው በቀለም ነው። ብሩሽና ቀለም ብቻ! ይህን ከሰማሁ በኋላ ያቺን ቦታ ደግሜ ደግሜ አይቻታለሁ።

መልስ 22 ሌላ ቀይ ጫማ አመጣ፤ የ1948ቱን «ዘ ሬድ ሹዝ»። በዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ ድርጅትና በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማኅደር ታድሶ በ2009 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። ኔጌቲቮቹን ሻጋታ በልቷቸው ነበር። ሦስቱ ፊልሞች እኩል ስላልተኮማተሩ ቢደራረቡ አይገጥሙም፤ ተዋናይዋ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ ይወጣል። እዚህ ላይ ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ፊልሙ 134 ደቂቃ ቢሆን፣ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ሦስት ጊዜ፤ ወደ 580,000 ምስል ይመጣል። ያን ሁሉ ነው አንድ በአንድ ስካን አድርጎ፣ አግጥሞ፣ ያጸዱት። መልስ 22 ይህ ማጠብ እንጂ መቀባት አይደለም አለ።

መልስ 23 አልተዋጠላትም። ሦስቱ ምስሎች በኮምፒውተር እንዲህ ጥርት ብለው ሲገጥሙ፣ የ1948 ተመልካች ጨርሶ ያላየው ጥራት ይፈጠራል። ማቅለሚያው ፊልሙ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይንሰራፋ ነበር። ያ ለስላሳነት የሥዕሉ አካል ነው። በዶሮቲ ፊልም የገለባው ሰው ፊት ላይ የተለጠፈው ጭምብል ጠርዙ ዛሬ የሚታየን ለዚህ ነው፤ የሠራው ሰው የሚተማመነው በዚያ ብዥታ ነበር። ይህቺን ሴት ሳላውቃት ወደድኳት። እስካሁን ሁሉም ስለ ቀለም ሲጨቃጨቅ ስለ ጥራት የጠየቀ አልነበረም።

መልስ 24 የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን አነሳ። በቅንነት አሳደስነው ተብሎ አዲስ ዘይት ቀለም የተለቀለቀበት፣ ቅዱሱ ሌላ ሰው የሆነበት ሥዕል እንዳየ ጻፈ። ንጽጽሩ መጥፎ አልነበረም። መልስ 25 ግን ቅዱስን ከሆሊውድ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ተነሳ። መልስ 26ን አወያዩ ስላጠፋው ምን እንደነበረ አላወቅንም። መገመት ግን አያቅትም።

መልስ 27 የሚያበርድ ሆነ፤ የጻፈው ያው የመልስ 4 ሰው ነው። ለመሆኑ የማን ቀለም ነው የምንፈልገው አለ። የቴክኒከለር ኩባንያ ካሜራውን የሚያከራየው ከነሠራተኛውና ከቀለም አማካሪው ጋር ነበር። የአማካሪዎቹ አለቃ ናታሊ ካልመስ ናት፤ የመሥራቹ የሄርበርት ካልመስ የቀድሞ ሚስት። ስሟ በዚያ ዘመን የቴክኒከለር ፊልሞች ላይ አይጠፋም፤ የዶሮቲ ፊልም ላይም አለ። የእሷ ምክር ቀለምን መቆጠብ ነበር፤ ደማቁን ለሚያስፈልግበት ቦታ ማቆየት። ዳይሬክተሮቹና ካሜራማኖቹ ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋታል። በ1952 «ሙላን ሩዥ» ሲቀረፅ ጆን ሂውስተን ጭስና ማጣሪያ ተጠቅሞ ቀለሙን ቢያደበዝዝ ኩባንያው ደስ አላለውም። እንግዲህ ዳይሬክተሩ አንድ፣ ካሜራማኑ አንድ፣ ናታሊ አንድ፣ ላቦራቶሪው አንድ ፈለጉ። እነሱ ያልተስማሙበትን አንድ ትክክለኛ ቀለም ከየት እናመጣለን?

መልስ 28 የእኔ ነው። የመጀመሪያውን አቋሜን ግማሹን አነሳሁ። አበላሽተውታል ማለቴ ልክ አልነበረም፤ የሚያበላሹት አንድ ዋና ነገር የለምና። ግማሹን ግን አልለቅም። አዳሽ ይመርጣል፤ መምረጡ ግድ ነው። ታዲያ የገዛሁት ዲስክ ሽፋን ላይ በአዲስ 4ኬ የታደሰ ከማለት ጋር፣ የትኛውን ቅጂ አጠገብ አስቀምጠው እንዳስተያዩ፣ ማን አይቶ እሺ እንዳለ አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት? ልብስ ሰፊ እንኳ ጨርቁ ከየት እንደሆነ ይነግርሃል። መልስ 8 በዚህ ተስማማ። እሱ ሲስማማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

መልስ 29 የአያቱን ፎቶ ለጠፈ። በስልክ አፕ ቀለም አስገብቶበታል። ጥቁር ካባቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ጠይሙ ሰውዬ ቀይ ዳማ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ከንፈራቸውማ ሊፕስቲክ የተቀቡ ነው የሚመስለው። እናቱ አይታ ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው እንዳለች ጻፈ። መልስ 30 ይህ ከእድሳት ጋር አይገናኝም፤ ያልነበረ ቀለም መፍጠር ነው ብሎ ቆፍጠን አለ። ልክ ነው። ቢሆንም ሁላችንም አያትየውን አየናቸው።

መልስ 31 አንዲት መስመር ነበረች። የመልስ 3ዋ ልጅ፣ ቴክኒከለር ምንድን ነው ያለችው። ቴሌቪዥኔ የተቀመጠው በየትኛው የምስል ምርጫ ላይ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ተነስቼ አየሁ። ከሱቅ ከመጣ ጀምሮ ያልተነካ፣ «ዳይናሚክ» የሚል። መዋሸት ይቻል ነበር። አልዋሸሁም፤ ጻፍኩት።

መልስ 32 የሳቅ ምልክት ብቻ ነው፤ አሥራ አንዱን ቆጠርኩ። መልስ 33 የቀለም ባለሙያው ነው። ወደ «ሲኒማ» ቀይሬ፣ የምስል ሹል ማድረጊያውን ዜሮ አድርጌ፣ የሳሎኑን መብራት አጥፍቼ ያቺን የጫማ ቦታ እንዳይ አዘዘኝ። እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ጠንቋይዋ ከቆርቆሮ በርነት ወጣች። ጫማው ጠቆረ፤ በርበሬ ባይሆንም ወደ በርበሬው መጣ። በመልስ 34 ይህን አሳወቅኋቸው፣ መልስ 13ንም ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ልቤን ከእሷ ላይ አንስቼ ነበርና።

እህቴ ሶፋው ላይ ነበረች። ቴሌቪዥኑ ምን ሆኖ ነው የደበዘዘው አለችኝ። አስረዳኋት፤ ፕሪዝሙን፣ ገንዳውን፣ ካርቦኑን፣ ሁሉንም። ሪሞቱን ከእጄ ወሰደችና ወደ ድሮው መለሰችው።